ግራ እጄን የምታውቀው ጓደኛዬ

ግራኝ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወድጄ አይደለም፤ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ በዚህች እጄ ስለመጣ ነው። ወሎ ውስጥ ቢስቲማ ሳድግ እናቴ ግራ እጄን በሻሽ ታስርብኝ ነበር። «በግራው የሚበላ ከሸይጧን ጋር ነው የሚበላው» እያለች በቀኝ መብላት አስለመደችኝ፤ እሱስ ሐቅ ነው፣ እስካሁንም በቀኜ ነው የምበላው። እስክሪብቶ ላይ ግን አልቻለችኝም። አስተማሪው በማስመሪያ መታኝ፣ እናቴ ለመነችኝ፣ አባቴ ተቆጣኝ፣ እኔ ወይ ፍንክች! እልኸኛ ነኝ። ይህንንም እወቁልኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የደረሰኝ ማይክሮባዮሎጂ ነው። ለአባቴ ምን እንደምማር ማስረዳት ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። «በዓይን የማይታዩ ነፍሳትን ነው የምናጠናው አባዬ፤ ወተት የሚያረጋውን፣ ምግብ የሚያበላሸውን፣ ሰው የሚያሳምመውን» ስለው ትንሽ አሰብ አደረገና፣ «የማይታይ ተምረሽ የሚታይ ደሞዝ ታገኛለሽ?» አለኝ። ያኔ ከት ብዬ ሳቅኩ። ከተመረቅኩ በኋላ ግን ያቺ ጥያቄ አላስተኛ አለችኝ።

ፈቲያን ያገኘኋት እዚያው ዶርም ነው። የደሴ ልጅ ናት፣ አባቷ እዚያው ደሴ ፒያሳ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። እኔ የገጠር ልጅ ነኝ፤ ጫማዬንም አነጋገሬንም የሚያሾፍበት አልጠፋም ነበር። እሷ ግን የመጀመሪያውን ቀን ነው አልጋዋ ላይ አስቀምጣ ከቤት የመጣላትን ሳምቡሳ ያካፈለችኝ። ከዚያ በኋላ ማን ይለየን! ላብራቶሪ ውስጥ ግራኝና ቀኝ እጅ ጎን ለጎን ሲሠሩ ክርናቸው ይጋጫል፤ ስለዚህ እሷ ሁልጊዜ በቀኜ በኩል ነበር የምትቀመጠው። አራት ዓመት ሙሉ ቦታዋን ለማንም አልሰጠችም። እኔ በእጅ ሥራው እበረታለሁ፤ እሷ ሪፖርት ስትጽፍ የሚያህላት የለም። «አንቺ እጅ፣ እኔ አፍ» ትለኝ ነበር።

ተመረቅን። ከዚያ በኋላ ያለውን ዲግሪ ይዞ የተንከራተተ ሁሉ ያውቀዋል። ሆስፒታል ስሄድ «እኛ የሕክምና ላብራቶሪ ምሩቅ ነው የምንፈልገው» አሉኝ። ውሃ ቢሮ ስሄድ «ኬሚስትሪ ብትሆኚ ኖሮ» አሉኝ። ትምህርት ቤት ስሄድ «የማስተማር ሥልጠና አለሽ?» አሉኝ። አንዱ መሥሪያ ቤትማ ወረቀቴን አገላብጦ አይቶ «ይሄ ማይክሮ ምናምን ኮምፒውተር ነው እንዴ?» አለኝ፤ በአላህ ስም እየማልኩ ነው! የሚቀጥሩትም ቢሆኑ ልምድ አምጪ ይላሉ። ልምድ ከየት ገበያ እንደሚሸመት የሚነግረኝ ግን አጣሁ።

በመጨረሻ አባቴ ፓስፖርት አወጣልኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዝናብ ሲጠፋና ታናናሾቼ ሲያድጉ ምን ያድርግ? «ልጄ፣ ዲግሪሽን አክብሬ ጠበቅኩ። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሪ። እሱ ካልሆነ የአክስትሽ ልጅ ጂዳ አለች፣ ትቀበልሻለች» አለኝ። እኔ ደግሞ ጂዳን እንደ ሞት ነበር የምፈራው። የጎረቤታችን ልጅ ሰው ቤት ልትሠራ ሄዳ ስትመለስ ከሰው መሐል መቀመጥ አቅቷት ነው የመጣችው፤ ምን እንደደረሰባት ዛሬም አልተናገረችም። ሌሊት ሌሊት የምትጮኸውን በግድግዳ በኩል እንሰማ ነበር።

ታዲያ በዚያ ሰሞን ፈቲያ ደወለችልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ምግብ የሚያመርት ፋብሪካ፣ ስሙ ይቆየኝ፣ ለጥራት ላብራቶሪው ሰው ይፈልጋል አለችኝ። «የሚወስዱት አንድ ሰው ነው ሉባባ። ሁለታችንም እንሞክር፣ ላላት ይሁንላት። አንዳችን ገባን ማለት ሁለታችንም ገባን ማለት አይደል?» አለች። እኔም ስልኩን ይዤ አለቀስኩ፤ እንዲህ ያለ ጓደኛ የሰጠኝን ረቢን አመሰገንኩ።

የጽሑፉን ፈተና ሁለታችንም አለፍን። ለተግባሩ ፈተና ጥቂት ሆነን ተጠራን፤ እኔም ከዋዜማው ደሴ ገብቼ እነሱ ቤት አደርኩ። እናቷ እትዬ ዘሃራ ከገጠር የመጣሁት እኔ እንዳልከፋ ትልቁን ቁራሽ ወደ እኔ እየገፉ፣ «ብዪ እንጂ የኔ ሸጋ፣ አንቺም ልጄ ነሽ» ይሉኝ ነበር። ጠዋት ስንወጣ ለሁለታችንም ዱዓ አደረጉልን።

ሚኒባሱ የሐረጎን ተራራ ጥምዝ እያለ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የደሴ ብርድ ከኋላችን ቀረ። እኔ በመስኮቱ በኩል ቁልቁለቱን እያየሁ ለማንም ያልነገርኩትን የፓስፖርቱን ነገር ለፈቲያ ነገርኳት። ይህ ካልሆነ ቀጥታ ጂዳ እንደሆንኩ፣ ስለ ጎረቤቴ ልጅም፣ ሁሉን ዘረገፍኩት። እጄን ያዘችኝ። «አብሽሪ! አንቺን ጂዳ የሚወስድ አውሮፕላን ገና አልተሠራም» አለችኝ። ሳቅኩ። ተሳፋሪው ዞሮ እስኪያየን ነው የሳቅነው።

የላብራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፤ ሸበቶ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉት ዓይነት ሰው ናቸው። ፈተናው ቀላል ይመስላል። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የተደባለቀበት ፈሳሽ ይሰጣችኋል። ሉፕ የምትባል ጫፏ ቀለበት የሆነች ሽቦ አለች፤ እሷን በእሳት ታግላላችሁ፣ ታቀዘቅዛላችሁ፣ ከፈሳሹ ትነክሩና ፕሌት የምንለው ክብ ሳህን ላይ ባለው የረጋ ምግብ መስመር እየሳባችሁ ትዘራላችሁ። መስመሩን እያዞራችሁ እያሳሳችሁ ከሄዳችሁ በማግስቱ ባክቴሪያዎቹ ተለያይተው እንደ ጤፍ ፍሬ አንድ አንድ ሆነው ይበቅላሉ። እጅ የሌለው ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ያጨማልቃቸዋል። ሽቦውን ሳያቀዘቅዝ የቸኮለ ደግሞ ያቃጥላቸዋል፤ በማግስቱ ባዶ ሳህን ያገኛል።

ረዳታቸው ፕሌቶቹን አደለችን። ቁጥራችን በትንሽ ወረቀት ክዳኑ ላይ ተለጥፏል። እኔ ደግሞ የለመድኩትን ላድርግ ብዬ እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

«ከሥሩም ልጻፍበት?» አልኳት።

«አይቻልም፤ አራሚው የማን እንደሆነ ማወቅ የለበትም። ቁጥሩ ይበቃል።»

«ቁጥሩን እኮ ነው ከሥሩ የምጽፈው። ክዳን ይቀያየራል፤ ሁሌ ከሥር ጻፉ ተብለን ነው የተማርነው።»

«ግድ የለም እህቴ፣ እዚህ የሚቀያይር የለም» ብላ አለፈችኝ። ፈቲያ እንደ ልማዷ በቀኜ በኩል ተቀምጣለች። የተባባልነውን ሁሉ ሰምታለች።

ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ያን ቀን እጄ እንዴት እንደታዘዘችልኝ! መሐል ላይ ከጎኔ «ትሽሽ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጋለ ሽቦ የረጋውን ሲነካ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ፈቲያ ናት። ቀና ብዬ ሳያት ፊቷ ቲማቲም መስሏል። መነጋገር ክልክል ስለሆነ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሷ ብትወድቅ እኔ እንዴት ደስ ብሎኝ እገባለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ጅል!

ፕሌቶቹን ረዳትየዋ ሰብስባ ጠረጴዛው ዳር ደረደረቻቸው፤ ወደ ማሞቂያው ቁም ሣጥን ልታስገባቸው ነው። ወጣን። የግቢው በር ጋ ስንደርስ ፈቲያ ኪሷን ዳበሰችና «ውይ፣ ስልኬን ረሳሁ!» አለች።

«ልምጣ?»

«አይ፣ ቦርሳዬን ያዢልኝ፣ አሁን መጣሁ።»

እኔ ከነ ቦርሳዋ ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጣች። «ሥራ አስፈታሁሽ፤ ለካ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ምሳ ጋበዘችኝ። አብረን ከአንድ ሳህን በላን፤ ማታም ደሴ ተመልሰን እነሱ ቤት አደርን።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድ ሁላችንንም በጠረጴዛው ዙሪያ አቁመው እየከፈቱ ያሳዩን ጀመር። የመጀመሪያዎቹ እንደ ነገሩ ናቸው። ከዚያ የኔን ቁጥር ጠሩ። ክዳኑን አነሱት።

ባዶ። አንድ ነገር አልበቀለበትም።

«ሉፕሽን አግለሽ ሳታቀዘቅዢው ነው የነካሽው። ሁሉንም ፈጀሻቸው» አሉ። በክፋት አይደለም፤ አዝነው ነው። እኔ ጆሮዬ ጭው አለ። ጂዳ፣ የአክስቴ ልጅ፣ የጎረቤቴ ልጅ ጩኸት፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። አቀዝቅዤዋለሁ እኮ! ራሴን ተጠራጠርኩ። ድምፁ የመጣው ከማን ነበር? ከኔ ነበር እንዴ?

ቀጥለው የፈቲያን ከፈቱ። «ማሻአላህ!» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው። «እንዲህ ያለ እጅ ካየሁ ቆይቻለሁ። እዩት እስቲ፣ ሁሉም።»

ፈቲያ አንገቷን ደፍታ «አልሐምዱሊላህ» አለች።

እኔም አየሁ። ቆንጆ ነው፣ ፍሬው ተለያይቶ በቅሏል። ግን መስመሩ… መስመሩ የሚዞረው በተቃራኒ ነው። የሌላው ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲዞር ይሄኛው ወደ ሌላው ዞሯል፤ በመስታወት የታየ ይመስላል። እንዲህ የሚዞር መስመር አራት ዓመት ሙሉ ከኔ በስተቀር ማንም ሲሠራ አላየሁም። እናቴ በሻሽ ያሰረቻት እጄ ናት። ሰው የገዛ ልጁን ሰው ቤት ቢያይ እንዴት እንደሚሆን ያን ቀን አወቅኩ።

በዚያች ደቂቃ እንኳ ክፉ አላሰብኩም። ረዳትየዋ ስትደረድር ተሳስታ ይሆናል አልኩ። አላህ ምስክሬ ነው፣ መውጫ በር የከፈትኩላት እኔ ነኝ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ክዳኖቹ ተቀያይረው ይሆናል። ይሄኛው የኔ ነው። የሠራው ሰው ግራኝ ነው፣ መስመሩን ይዩት። ፈቲ፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

ፈቲያ ቀና አለች። ዓይኔን አላየችም፤ አገጬን ነው ያየችው። «ሉባባ፣ ምን ነካሽ? ስለ ወደቅሽ ነው?» አለችኝ።

«ፈቲ!»

«ወላሂ የኔ ነው» አለች።

ወላሂ! ስንት ጊዜ አብረን ሰግደናል? ረመዳንን ከአንድ ሳህን አፍጥረናል፣ ለቀልድ እንኳ ወላሂ ስል «ዝም ብለሽ አትማዪ» ብላ የምትገሥጸኝ እሷ ነበረች። ያን ጊዜ የስልኩ ነገር ትዝ አለኝ። ፀሐይ ላይ ቦርሳዋን ይዤ መቆሜ ትዝ አለኝ። «ክዳን ይቀያየራል» ብዬ በገዛ አፌ ያስተማርኳትም እኔው ነኝ።

ጋሽ ሰይድ ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። «ግራኝ ነሽ?» አሉ ፈቲያን።

«አዎ… ይሄን በግራዬ ነው የሠራሁት።»

«መልካም።» አዲስ ፕሌት አምጥተው ፊቷ አስቀመጡ፣ እሳቱን ለኮሱ። «በይ እስቲ፣ እንደ ትናንቱ አድርጊልኝ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሞትኩት። ፈቲያ ሉፑን በግራ እጇ አነሳች። እኔ እንደማነሳው! ትንሿን ጣቷን እኔ እንደማጥፈው አጠፈች፣ ክርኗን እኔ እንደማሳርፈው ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። አራት ዓመት ከጎኔ ተቀምጣ እጄን ስታጠና ኖራለች ለካ። እኔ እዚያው ቆሜ እኔን ሆና አየኋት። ሽቦዋ ግን ገና ስትነካው የረጋውን ከላይ እስከ ታች ተረተረችው።

«ይበቃል ልጄ» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ሉፑን ከእጇ ቀስ ብለው ወስደው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ሌላ ፕሌት ሰጡኝ። እንባዬ እየወረደ ሠራሁት። ሽቦው በረጋው ላይ የተወው ጭረት ለዓይን ይታይ ነበር፤ ፕሌቱን ከዚያ ከበቀለው ጎን አስቀምጠው ጎንበስ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከሥር ልጻፍ ስትል ሰምቻለሁ፤ መፍቀድ ነበረብሽ» አሏት ረዳታቸውን። ፈቲያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በሩ ላይ ትዞራለች ብዬ ጠበቅኩ። አልዞረችም።

ሥራው የኔ ሆነ። ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ልብሴ እነሱ ቤት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ወደ ደሴ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ እትዬ ዘሃራ ሲሰሙ እንዴት ያፍሩ ይሆን? እንዳያለቅሱብኝ ምን ልበላቸው? ጭራሽ ላጽናናቸው ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት።

በር የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። ሻንጣዬ ተዘጋጅቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ፈቲያ ውስጥ ናት፤ ድምጿ አይሰማም፣ ግን ጠዋት ያደረገችው ጫማ እዚያው በር ላይ ነው።

«እትዬ ዘሃራ፣ ሰምተዋል?» አልኩ።

«ሰማሁ።»

«እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፣ ወላሂ…»

«ታዲያ ብትተዪላት ምን ነበረበት?» አሉኝ። ድምፃቸውን አላሰሙም፤ እንደ ትናንቱ ለስለስ ብለው ነው የተናገሩት። «በሰው ፊት አዋረድሻት። አንቺ እኮ መሄጃ አለሽ የኔ ልጅ፤ ፓስፖርትሽ ወጥቶልሻል፣ ዘመድሽ ጂዳ አለች። ከቢስቲማ ስንቱ ሄዶ ይኖር የለ? ፈቲ ግን ለሰው ቤት አልተፈጠረችም።»

የፓስፖርቱን ነገር የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሐረጎን ስንወርድ፣ እጄን ይዛኝ። እንግዲህ ማታ እዚህ ቤት ተመክሯል ማለት ነው። ወይ ተመክሯል፣ ወይ ከሆነ በኋላ ይሄ ምክንያት ሆኖላታል፤ የቱ እንደሆነ አልጠየቅኩም። «ፈቲ!» ብዬ ወደ ውስጥ ተጣራሁ። «እውነት ነው? አንቺም እንደዚህ ነው የምታስቢው?»

አምስት ጊዜ የሰገድኩበት፣ ከአልጋዋ ላይ ትራስ አካፍላ ያስተኛችኝ ክፍል ውስጥ ሆና በሩን ገፍታ ዘጋችው። ሻንጣዬን አንስቼ ወጣሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ማይክሮባዮሎጂ የምትማሩ ልጆች፣ «ሥራ አለው ወይ?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ፤ አለው። አስቸጋሪ ነው፣ ደጅ ያስጠናል፣ ያስለቅሳል፤ ግን አለው። ፋብሪካ አለ፣ ወተት አለ፣ ውሃ አለ፣ ምርምር አለ። እጃችሁን አሠልጥኑ፤ ፕሌታችሁን ከሥሩ ጻፉበት፤ አይቻልም ቢሏችሁ ተጨቃጨቁ። ይህን ለመምከር አፍ አለኝ። ስለ ጓደኛ ምከሪን ካላችሁኝ ግን የምለው የለኝም። ሰው አትመኑ ልላችሁ አልችልም፤ ሳይቆጥብ የሚወደኝ ሰው ነበረኝ ብዬ የኖርኩባቸው ዓመታት ውሸት ነበሩ ለማለት እስካሁን አፌ እሺ አላለኝም። ምናልባት ትወደኝ ነበር። ምናልባት እንደ ቤቷ ሰዎች ሁሉ፣ ከእኔ በታች ሆና እስካልታየች ድረስ ነበር የምትወደኝ።

የተሰማኝን ልንገራችሁ፦ ክዳን መቀየሯን ይቅር ልላት እችል ነበር። ሰው ይጨንቀዋል፣ ሸይጧን ይገፋዋል። በሐሰት መማሏንም ከረቢ ጋር ትጨርሰው። ከልቤ አልወጣ ያለችው ያቺ «መሄጃ አለሽ» የምትል ቃል ናት። የጎረቤቴን ልጅ ጩኸት ለፈቲያ ነግሬያት፣ ሰምታ፣ እጄን ጨብጣ፣ ያንን ጩኸት ለእኔ የሚበቃ ዕድል አድርጋ ቆጠረችልኝ።

ለኢድ መልእክት ትልክልኛለች፤ «ኢድ ሙባረክ ሉቤ» ብቻ። አልመልስም፤ ቁጥሯንም አላጠፋም።

ባለፈው ቤት ስሄድ አባቴ ፓስፖርቴን ሣጥን ውስጥ አገኘው። «ይሄ ምን ይሠራልሻል? አሁን የሚታይ ደሞዝ አለሽ» ብሎ ሳቀብኝ። ከእጁ ተቀበልኩትና መልሼ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩት። ይቀመጥ አልኩት። በሰው ዓይን መሄጃዬ የት እንደነበረ እንዳልረሳ።